ቀንዶ ቀንዱን ያወለቀ ዕለት

የተያዝሁት ቅዳሜ ነው፤ የንፋስ መውጫ ገበያ ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ስወጣ። ገና ሙቀቱ ያልለቀቀው ወረቀት በብብቴ ነበር። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ መጡና «መምህር፣ ለአንድ ጉዳይ ትፈለጋለህ» አሉኝ። አንደኛው ወረቀቱን ተቀበለኝና የላይኛውን ገጽ አየ። ሳቅ አመለጠው። ወዲያው ባልደረባውን ገልመጥ አድርጎ ፊቱን ቋጠረ።

ገጹ ላይ የነበረው ቀንዶ ነው።

ቀንዶን ለማያውቅ ልንገር። እኔ የሥዕል መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ብዬ በየሁለት ሳምንቱ አራት ገጽ ካርቱን እሥል ነበር። በካርቱኑ ውስጥ ሦስት የአንድ ቤት ልጆች አሉ፤ ከገደሉ ማዶ የሚመጣ አንድ ክፉ ደግሞ አለ። እሱ ነው ቀንዶ። ሁለት የበሬ ቀንድ፣ የመጋዝ ጥርስ፣ ከቀበቶው በላይ የተንጠለጠለ ሆድ አለው። ምንጭ ይዘጋል፣ ክምር ይሰርቃል። አንድ ጊዜ የደብሩን ደወል ሊውጥ ሞክሮ ጉሮሮው ላይ ቀረበትና ሁለት ዕትም ሙሉ በተናገረ ቁጥር ሲደውል ከረመ። ተማሪዎቹ ወደዱት። በስልክ ፎቶ እያነሱ ሲላላኩት ስማዳም እስቴም ደረሰ። የባጃጅ ሹፌሮች የኋላ መስታወታቸው ላይ ለጠፉት።

ያሳሰረኝ ሆዱ ነው።

መርማሪው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ ሆዱን ነካ። «ይህ የማን ነው?»

«የቀንዶ።»

«ቀንዶ ማን ነው?»

«የፈጠራ ሰው ነው። በእውን የለም።»

«የሌለ ሰው ይህን ሁሉ ሆድ ከየት አመጣ?»

በኋላ እንደገባኝ አንድ ባለሥልጣን ሥዕሉን አይተው «ይህማ እኔ ነኝ» ብለዋል። እኔ ሰውዬውን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ይህንኑ ለመርማሪው ነገርሁት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ሳታያቸው እንዲህ ካስመሰልካቸው፣ ብታያቸውማ ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ። ከምሩ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ የከረመ ገብስ ሽታ ነው፤ ከሥሩ የላብና የባልዲው ሽታ መጣ። ግድግዳው በኖራ ተቀብቷል። መስኮት የለውም። በቆርቆሮውና በግንቡ መካከል ክንድ የማያሾልክ ክፍተት አለ፤ ብርሃኑም ነፋሱም የሚገባው በዚያ ነው። ከጉና ተራራ በኩል ሲነፍስ ጣሪያው እንደ ዋሽንት ያፏጫል። አሥራ ሰባት ሰው ተቀምጧል።

«በምን ገባህ?» አለኝ ከጥግ አንድ ሰው።

«በሥዕል።»

«ምን ሥለህ?»

«ቀንዶን።»

ከዚያ መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። «ቀንዶ! ደወል የዋጠው!» አለ አንዱ፤ ሌላው ጉሮሮውን ይዞ «ድው፣ ድው» እያለ ተንከባለለ። እኔም ሳቅሁ።

የጠየቀኝ ሰው ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ነርስ ነበር። የቆሰለ ሰው አክመሃል ተብሎ ነው የገባው፤ እሱም «አዎ አክሜያለሁ፣ ሥራዬ ነው» ብሎ ፈርሟል። ከአጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። ከተቀመጥሁ በኋላ ጠጋ አለና «መምህር፣ እንዳትቀየመኝ» አለኝ። «ልጄ ቀንዶህን አልጋዋ ራስጌ ለጥፋዋለች። ስትተኛ ‹ደህና እደር› ትለዋለች። ሰው ክፉን ደህና እደር ይላል?»

ይህች ነገር ከእስሩ ይልቅ ቆጠቆጠችኝ።

ሁለት ሰዎችን ደግሞ ላስተዋውቅ። አንደኛው የኔታ ናቸው፤ የቤተ ልሔም የድጓ መምህር። ብዙ ተማሪ በአንድ ቦታ ሰብስበው ተገኙ ተብለው ነው የመጡት። «ድጓ ለአንድ ሰው አይዘመርም፣ ምን ላድርግ?» ይሉ ነበር። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ድምፃቸውን ሳያወጡ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ዜማ ይመታሉ። ሁለተኛው ከስማዳ ቆላ የመጣ ገበሬ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው፤ ከሁሉም ሰው ምግብ ትንሽ ትንሽ የሚካፈል፣ ከተካፈለም በኋላ ባልዲውን ማንም ሳይጠይቀው የሚደፋ። ለበሬው መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ መንገድ ላይ ከሌሎች ጋር መኪና ላይ የጫኑት ነው። ከዚህ ሌላ ስለ ራሱ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ማክሰኞ ነው።

ጧት መርማሪው አስጠራኝ። «ጉዳይህ አልቋል» አለ ፊቱን ከወረቀቱ ሳያነሣ። «ዛሬ በአሥር ሰዓት ቆጠራ ላይ ከሚወጡት ጋር ስምህ ይጠራል።»

ክፍሉ ገብቼ ስናገር ሁሉም አቀፈኝ። ነርሱ ግን ሳይለቀኝ «ስትወጣ ቀንዶን ትቀጥላለህ?» አለ።

«አላውቅም።»

«ከቀጠልህ እንደዚያው ሆኖ እንዳይወጣ። እስከ አሥር ሰዓት ስንት ሰዓት አለን? ሰባት። እናስተካክለው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከኪሱ ሦስት አውራ ጣት የሚያህሉ የከሰል ስባሪዎች አወጣ። ሽንት ቤት ስንወጣ ከፖሊሶቹ ማድ ቤት ጀርባ የለቀማቸው ናቸው፤ ጥርሱን ሊያጸዳባቸው ነበር የፈለጋቸው። አንዱን እጄ ላይ አኖረው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በጣቶቼ መካከል የሚያጠቁር ነገር ሲገባ ምን እንደተሰማኝ ለመናገር ይቸግረኛል። ልቤ ዘለለ ብል ነው የሚቀርበው።

ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግንብ ላይ የድሮውን ቀንዶ በአሥር መስመር ሣልሁት። ሳቁ።

«ይኸው ነው ችግሩ» አለ ነርሱ። «አየኸው፣ ሳቅህ፣ አለቀ። ምን ይወለቅለት?»

«ቀንዱ» አለ አንዱ።

«ቀንዱን ካወለቅህ ቀንዶ መባሉ ይቀራላ!» አለ ሌላው። ክርክሩ ተነሣ። ግማሹ ቀንዱ ይጨመርለት አለ፤ አራት ይሁን፣ ይሹል፣ ደም ይንካው። ግማሹ ይውለቅ አለ። የኔታ እስከዚያ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሳረፉ ያዳምጡ ነበር።

«እኔ ልበል?» አሉ።

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን።

«ቀንዱን አውልቅለት። ስሙን ግን ተውለት።»

«እንዴት የኔታ?»

«ቀንዶ ተብሎ ቀንድ የሌለው ሰው ደጅህ ቢቆም መጀመሪያ ምን ትላለህ?»

አሰብሁ። «የት ደበቀው እላለሁ» አልሁ።

«በቃ። አንተ አትሣለው። የሚያየው ሰው ራሱ ይፈልገው። ሲፈልግ ያድራል።»

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ነርሱ ግንቡን በመዳፉ መታው። እኔ በሸሚዜ እጀታ ቀንዱን ጠረግሁት። አሥራ አምስት ዓመት ሥዕል አስተምሬ ይህን የሚያህል ነገር ያስተማረኝ ሰው አልነበረም፤ የኔታ ደግሞ በዕድሜያቸው ካርቱን የሚባል ነገር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመን አልተገኘም። ሆዱ ተጠረገ። ጥርሱ ተጠረገ። ነርሱ ተራውን ያዘ። «ደም አታድርግበት። ደም እኔ በየቀኑ ነው የማየው፤ አያስፈራም፣ ይታጠባል። ንጹሕ አድርገው። እጁን የታጠበ፣ ጥፍሩን የተቆረጠ። ድምፁ ደግሞ ዝቅ ይበል።»

«ለምን ዝቅ?»

«ጤና ጣቢያ ውስጥ ስንጮህ ሰው አይደነግጥም። ‹ሙቅ ውሃ አምጡ! ገለል በሉ!› እያልን ከጮህን ቤተሰቡ ተስፋ አለው። የሚፈሩት ሐኪሙ ወጥቶ ቀስ ብሎ ‹እስኪ ወዲህ ኑ› ሲል ነው። ያን ጊዜ ሳይነገራቸው ይወድቃሉ።»

እሺ አልሁ። የተተኮሰ ኮት አለበስሁት፤ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆለፍሁት። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረግሁት፣ ሰው በትሕትና እንደሚያዳምጥ። ከንፈሩን ዘጋሁት። ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ጥሩ ሰው ይመስላል፤ ጥሩ ሰው መምሰሉ ራሱ ደስ አይልም። ሁላችንም ሳናውቀው ከግንቡ ራቅ ብለን ነበር።

«ምን ያድርግ ታዲያ?» አለ ነርሱ። «ክምር አይሰርቅም ይሄኛው። አይመጥነውም።»

እዚህ ላይ ቆምን። አንዱ ይግደል አለ። አንዱ ቤት ያቃጥል አለ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ከሰሉን እንደያዝሁ ዘወር ስል የስማዳው ሰው ከሁላችንም ኋላ ቆሞ ሥዕሉን ትክ ብሎ ያያል።

«ጋሼ፣ አንተስ ምን ያስፈራሃል?» አልሁት።

«እኔ?» አለ። «ጅብ ሲጮህ አልፈራም፤ የት እንዳለ አውቃለሁ። ዝም ሲል ነው ተነሥቼ በረቴን የማየው።» ሰዎቹ «ጥሩ ነው፣ ዝም ይበል» አሉ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። «ዓይኑን ዝቅ አድርገው» አለኝ።

«ዓይኑን?»

«አይመልከተን። ወረቀት ይዞ ወረቀቱን ያንብብ። እኔን ያስፈራኝ ሰው አላየኝም።»

ማን እንደሆነ ጠየቅነው። ቀስ ብሎ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ነገረን። ከመኪናው ሲያወርዷቸው አንድ መዝጋቢ ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። ስም ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ አስገቡት ይላል። የእሱ ተራ ሲደርስ መዝጋቢው ስልክ ተደወለለት። አውርቶ ሲጨርስ ዓይኑን ሳያነሣ ከእሱ ቀጥሎ የቆመውን ስም ጠየቀ። እሱን ጠባቂው አስገባው።

«ያን ጊዜ ቀላል ነገር መሰለኝ» አለ። «ግን ይኸው ጧትና ማታ ስም ሲጠራ አርባ ሦስት ቀን ሆነኝ። እኔን አልጠሩኝም።»

ጣሪያው ሲያፏጭ ይሰማኛል። እኔ ሦስት ሳምንት አብሬው ኖሬያለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ዝርዝሩ ሲነበብ ጆሮዬን የራሴን ስም እስክሰማ ብቻ ነበር የማቆመው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ተጠራ፣ ማን ቀረ ብዬ አላውቅም። ቀለቡም የሚታደለው በስም ነው። ለዚህ ነው ከሁላችን ትንሽ ትንሽ ሲካፈል የኖረው።

«አልተናገርህም?» አለው ነርሱ።

«ሁለቴ ተናገርሁ። ‹ይጣራል› አሉኝ።» ቀጠለ፤ «ሚስቴ በር ላይ መጥታ ከሆነ ‹እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም› ብለዋታል ማለት ነው። ለቅሶ ተቀምጣ እንደሆነም አላውቅም።»

ከሰሉ በእጄ ውስጥ ተሰብሮ ነበር። ሌላውን ስባሪ አነሣሁ። አሁን ምን እንደምሥል አውቄያለሁ፤ ከእኔ በላይም እጄ ያውቃል። በቀንዶ ግራ ክንድ ላይ ወፍራም መዝገብ ከፈትሁ። ዓይኑን መዝገቡ ላይ ጣልሁት። የቀኝ አውራ ጣቱን በምራቅ አርሶ አንድ መስመር እንዲያጠፋ አደረግሁት። ሌላ ምንም አያደርግም። ያጠፋል፣ ያልፋል።

«ሲያጠፋ ምን ይሆናል?» አሉ የኔታ። ድምፃቸው ተለውጧል።

ከጎኑ ሁለተኛ ሥዕል ጀመርሁ። የሦስቱ ልጆች እናት መሶብ ፊት ተቀምጣለች። ሦስት ልጆች በሯ ላይ ቆመዋል፤ ከሦስቱ የትንሿ ስም ነው የጠፋው። እናትየዋ ፈገግ ብላ ለሁለቱ ትቆርሳለች። ትንሿ ልጅ እጇን ዘርግታለች። እናቷ አላየቻትም፤ አልጨከነችም፣ አላኮረፈችም፤ ልጅ እንደነበረቻት አታስታውስም።

«በቃ!» አለ ነርሱ። «በቃ አቁም!» ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። ከዚያ እጁን አነሣና ሳቀ፣ ጮኸ፤ «ሠራኸው! ሠራኸው እኮ!» አንገቴን አንቆ ሳመኝ። ሰዎቹ ተነሡ። የስማዳው ሰው ሳይቀር ጥርሱ ታየ። የኔታ «አቤቱ ጠብቀን» ብለው አማተቡና «ግሩም ነው» አሉ። ከታሰርሁ ጀምሮ ሰዓት ሳልቆጥር የዋልሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለዚህም ነው ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ሁላችንም የደነገጥነው። አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር።

ተረኛው ፖሊስ የስሙን ዝርዝር ይዞ ገባ። ጎልማሳ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ከታች ጋይንት ይመስለኛል። ግንቡን ለመሸፈን ጊዜ አላገኘንም። እሱ ገና ከደጁ ሥዕሉን አይቶ ቆመ።

«ይህ ማነው?»

«ቀንዶ ነው» አልሁ።

«ቀንዶን አውቀዋለሁ። ልጄ አሳይታኛለች።» ቀረብ አለ። ራሱን አየ፣ ትከሻውን አየ፣ ኮቱን አየ። ምን እንደሚፈልግ አውቀን ጠበቅን። «ቀንዱ የታለ?» አለ።

ማንም አልሳቀም።

«ማንን ነው የሚመስለው?»

«ማንንም አይመስልም።»

«እ» አለ። ወደ ሁለተኛው ሥዕል ዞረ፤ ወደ እናትየዋ። ረጅም ጊዜ አየ። «ትንሿን ምን ሆና ነው የማታያት?»

የመለሱለት የኔታ ናቸው። «ሰውየው ስሟን ከመዝገብ አጠፋው፣ ልጄ። ስሟ ሲጠፋ እናቷም ረሳቻት።»

ፖሊሱ በእጁ የያዘውን ወረቀት አየ። ማየቱን እኛም አየን። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ኮስተር ብሎ «አጥፉት። አሁኑኑ» አለ። ዝርዝሩን ከፍቶ መጀመሪያ የኔታን ጠራ። በሊቀ ሊቃውንት ማዕረጋቸው ሳይሆን በዓለም ስማቸው ነው የሚጠራቸው፤ እሳቸውም ሁልጊዜ «አቤት» ይሉ ነበር።

የኔታ ዝም አሉ።

ደግሞ ጠራ። «የኔታ፣ ምነው? አሞዎታል?»

«ደህና ነኝ። መጀመሪያ እሱን ጥራው» አሉት፣ የስማዳውን ሰው በእጃቸው እያሳዩ።

«እዚህ ላይ የለማ።»

«እሱን ነው የምልህ።»

«የኔታ፣ እኔ የተሰጠኝን ነው የማነበው። ዝርዝር ላይ የሌለ ሰው መጻፍ አልችልም።» ወደሚቀጥለው አለፈ። ነርሱን ጠራ። ነርሱ ጣሪያውን እያየ ዝም አለ። ሌላ ጠራ። ዝም። አልተነጋገርንም፤ ለመነጋገርም ጊዜ አልነበረም። ሌላ ጠራ። ዝም። ፖሊሱን ላብ አጠመቀው።

ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠና «የሚወጡ» አለ። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነበር።

እውነቱን ልናገር። አፌ ተከፍቷል። «አ» የምትለዋ ፊደል ምላሴ ላይ ነበረች። ባለቤቴን አሰብሁ፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። በሩ ክፍት ነው፣ ከበሩ ወዲያ የግቢው ባሕር ዛፍና ፀሐይ ይታያል። ወደ ስማዳው ሰው ዘወር አልሁ። እሱ በዓይኑ «ሂድ፣ ሂድ» ይለኛል፤ በእጁም ጭምር ይገፋኛል። እንዲያ ባያደርግ ኖሮ ምናልባት እሄድ ነበር።

ተቀመጥሁ።

«መምህር! ልፈታህ እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ። አንድ ስም ቀርቷል።»

ፖሊሱ ተራ በተራ አየን። ወደ በሩ ሄደ። መሳሪያ የያዘ ሰው የሚጠራ መስሎኝ ጀርባዬን ግንቡ ላይ አስጠጋሁ። እሱ ግን በሩን ገርበብ አደረገው፣ ከውጭ እንዳይታይ። ተመልሶ ከስማዳው ሰው ፊት ቁጢጥ አለ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። እስክሪብቶው እንቢ አለው። በትንፋሹ አሞቀው።

«ስም» አለ።

ነገረው።

«የአባት ስም። የአያት ስም። ወረዳ። ቀበሌ።» ሁሉንም ጻፈ። ፊደሉን ሲያስተካክል አየሁት። ከዚያ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና እንደ ደንቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሦስቱንም ስም፣ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን፣ ጠራ።

«አቤት!» አለ የስማዳው ሰው። ማሳ አሻግሮ በሬ የሚጣራ ሰው ድምፅ ነው ያወጣው። ከጎናችን ያለው ክፍል «ምንድን ነው?» እያለ ግንብ ደበደበ። እኛ እንደ ልጅ ዘለልን። የኔታ ጭምር ከተቀመጡበት ተነሥተው በእጃቸው አጨበጨቡ። ከዚያ ሁላችንም በየተራ «አቤት» አልን፤ ማንም ያን ያህል ደስ ብሎት «አቤት» ብሎ አያውቅም።

ያን ዕለት አልወጣሁም። በቆጠራ ላይ እምቢ ያለ ተብዬ አሥራ አንድ ቀን ተጨመረብኝ። ሥዕሉንም አጠፋን፤ በውሃ ያጠበው ነርሱ ነው፣ «ደግመህ የምትሥለው ስለሆነ ነው የማጥበው» እያለ።

በአራተኛው ቀን ያው ፖሊስ በሩን ከፍቶ የስማዳውን ሰው ጠራ። ጋቢና በሶ በጨርቅ ተቋጥሮ ይዟል። ሚስቱ ለጠያቂ በግቢው በር ላይ የሚለጠፈውን፣ አሁን ስሙ የገባበትን ዝርዝር አስነብባ አግኝታዋለች፤ አራተኛ ጉዞዋ ነበር። ሦስት ጊዜ የለም ተብላ ተመልሳለች። እሱ ቋጠሮውን ተቀብሎ አልፈታውም። ጋቢውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ወደ ፖሊሱ ቀና ብሎ «እስኪ ድገመው» አለው።

«ምኑን?»

«ስሜን።»

ፖሊሱ ደገመለት።

ስወጣ መርማሪው የግዴታ ወረቀት አስፈረመኝ። «ከእንግዲህ ቀንድ ያለው ማንኛውንም ፍጡር ላልሥል» ይላል። በሬስ ብዬ ጠየቅሁት። አሰበበት። «በሬም ቢሆን ለጊዜው ተወው» አለኝ። በደስታ ፈረምሁ።

አሁን ቀንዶ ቀንድ የለውም። አዲሱ ቀንዶ ከወጣ ወዲህ ባጃጅ ላይ የሚለጥፈው አላየሁም። ተማሪዎቹ ሲያነቡት ድምፅ አያሰሙም፤ ገጹን ገልብጠው እንደገና ይመለሱና ይፈልጋሉ። የማንም ሆድ የለበትምና የከሰሰኝም የለም። የነርሱ ልጅ ከአልጋዋ ራስጌ አንሥታዋለች አሉ። ይህን በስልክ ሲነግረኝ ሁለታችንም በጣም ሳቅን። የኔታ ቤተ ልሔም ተመልሰው ያስተምራሉ። የስማዳው ሰው የተፈታው ከእኔ ሁለት ወር ዘግይቶ ነው፤ በሬው ግን ያለ መድኃኒት ድኖ ጠበቀው።

እኔም ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ሰኞ ጧት ከማስተማሬ በፊት የተማሪዎቹን ስም እጠራለሁ። ስልሳ ሁለት ናቸው፤ ድሮ በሁለት ደቂቃ ነበር የምጨርሰው። አሁን እያንዳንዱን ጠርቼ ቀና እላለሁ፣ ፊቱን አያለሁ፣ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የማልፈው። ተማሪዎቹ ቀርፋፋ ሆነሃል እያሉ በሹክሹክታ ይስቁብኛል። ባለፈው አንዷ ስትጠራ መልስ አልነበረም። «የለችም» አሉ። የት ሄደች አልሁ። አናውቅም አሉ። እስክሪብቶዬን መዝገቡ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «እኔ አውቃለሁ መምህር፣ እናቷ አሟት ነው፣ ደብረ ታቦር ሄዳ ነው» አለች።

«መቼ ትመለሳለች?»

«ሐሙስ።»

ሐሙስ ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን ጠራሁ።